ለኢልሀም እንስሳ የገዛሁት ማጣሪያ

ሸዋሮቢት ላይ የውኃ መሳቢያ ሞተር ስሸጥ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከቀወት ገጠር የሚመጣ ገበሬ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምን ያህል ይገፋል?» ብሎ ነው። ኃይለኛውን እሰጠዋለሁ፤ መርቆኝ ይሄዳል። ስለዚህ ስለ ውኃ የሚመክረኝ ሰው አልወድም።

ልጄ ኢልሀም ዩኒቨርሲቲውን አቋርጣ ስትመጣ የያዘችው አንድ ሻንጣና አንድ ባልዲ ነበር። ባልዲው ውስጥ ጓደኛዋ ራሔል የሰጠቻት አክሶሎትል የሚባል ፍጥረት አለ። አራት እግር አለው፣ ከውኃ አይወጣም፣ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ላባ የመሰለ ቀይ መተንፈሻ ተንዠርግጎለታል። ምን እንደደረሰባት አልነገረችንም። ክፍሏን ዘግታ ትውላለች፤ ምግብ ነካ አድርጋ ትተወዋለች። የምትወጣው ለእንስሳው ብላ ብቻ ነው። ሙቀት አይችልም፣ የሮቢት ፀሐይ ደግሞ ማንንም አይምርም፤ በሃይላንድ ያረጋችውን በረዶ ከፍሪጅ እያወጣች በባልዲው ፈንታ ባዘጋጀችለት የመስታወት ገንዳ ላይ ታንሳፍፋለች።

እኔ እንዲህ ያለውን ዝም ብዬ የማይ አባት አይደለሁም። በየጠዋቱ በሯን እደበድባለሁ። «ተነሺ! ሱቅ መጥተሽ አግዢኝ! ምዝገባው መቼ ነው?» እላለሁ። ፈርቼላት ነው፤ የእኔ ፍርሃት ግን ሲወጣ ጩኸት ነው የሚሆነው።

አንድ ቀን ገንዳው ደፈረሰ። «አባዬ፣ ማጣሪያ ያስፈልገዋል» አለችኝ። ከመጣች በሁለት ወሯ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ነገር ነው። በደስታ ዕለቱን አዲስ አበባ፣ የዓሣ ገንዳ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ደወልኩ። ሻጩ፣ «ለእሱ የሚሻለው በአየር የሚሠራው ትንሹ ባለ ስፖንጅ ነው» ቢለኝ ጮህኩበት። «አሻንጉሊት ልትሸጥልኝ ነው? ካለህ ሁሉ ኃይለኛውን ላክ!»

በማግስቱ በአውቶቡስ ደረሰ። ገጠምኩት። ውኃው በግማሽ ቀን ኩልል አለ፤ ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ። በሦስተኛው ቀን ግን እንስሳው ጥግ ላይ ተለጥፎ፣ ላባዎቹ ወደ ፊት ታጥፈው፣ ትል ሲጣልለት አፉን አልከፍት አለ። ኢልሀም ገንዳው አጠገብ ጥጓን ይዛ ታለቅሳለች።

«ይሞትብኛል፣ አባዬ።»

«ውኃው እኮ ንጹሕ ነው!» አልኩ።

ባለቤቴ ዙልፋ የሽንኩርት ችግኝ እያፈላች የምትሸጥ ናት። እጇን ገንዳው ውስጥ ከታ ግፊቱን አየች።

«ኸይረዲን፣ የቦይ ውኃ ችግኝ ላይ እንዲህ ይለቀቃል? የቦዩ አፍ ላይ ጆንያ ካላደረግክ ችግኙን ነቅሎት ይሄዳል እኮ። ይኼን ሁሉ ዘመን ከእኔ ጋር ኖረህ ይኼን አታውቅም?» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጅቷንም እንደዚሁ ነው የያዝካት።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ግን ጥግ የተለጠፈውን አየሁ፤ ጥግ የተቀመጠችውን አየሁ። አፈርኩ፣ ወላሂ።

ያንን ማጣሪያ ነቀልኩት። ለሻጩ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩና ትንሹን አስላክሁ። ሲመጣ ከኢልሀም ጋር ገጠምነው። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል እንጂ ውኃው የሚንቀሳቀስም አይመስል። በእነዚያ ቀናት በሯን አልደበደብኩም። ቀላል አልነበረም፤ በየጠዋቱ በሩ ጋ እደርስና እጄን ኪሴ ከትቼ እመለሳለሁ።

አርብ ከጁምዓ ስመለስ ከዙልፋ የችግኝ መደብ ትል ቆፍሬ አመጣሁ። ኢልሀም አንዱን ቀስ አድርጋ አወረደችለት። እንስሳው ከጥጉ ወጣ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ተራመደ፣ ስልቅጥ አደረገው። ኢልሀም ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው፣ ያ አላህ!

«ታዲያ ነገ ሱቅ ትመጫለሽ?» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥ አደረግኩት። አጠገቧ ተቀመጥኩና አረፋውን አብረን አየን።

«አባዬ» አለችኝ በኋላ፣ «ከምሳ የተረፈ ነገር አለ?»