የበሺር አውቶሞቢል በበሬ

ካይሮ ተምሮ የተመለሰው ቀለሙ፣ አብሮ አደጉ በሺር በቅሎዎቹን ሁሉ ሸጦ የገዛትን አውቶሞቢል ባየ ቁጥር አንጀቱ ያርር ነበር። አንድ ቀን ጧት አብረው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን በረሩባት። ሲመለሱ ግን ዳገቱ ላይ ቤንዚን አለቀ። በሺር መሪውን ለቀለሙ ሰጥቶ ወረደና ከአንድ ገበሬ በሬ ለምኖ ያስጎትታት ጀመር።

«የደሴ ሰኞ ገበያ ዛሬ ይስቅበታል» ብሎ ቀለሙ በልቡ ፈነደቀ።

«ጌታው፣ ድርቆሽም ትበላለች?» አለ ገበሬው።

«ወላሂ፣ ብትበላልኝ ከቤንዚኑ ይረክስልኝ ነበር» አለ በሺር፣ በጋቢው ጫፍ አቧራዋን እየጠረገ።

ደሴ ሲገቡ ገበያተኛው ሳቀ፤ በሺርም ከሁሉ አብልጦ ሳቀ። ለስላሳው ወንበር ላይ የተቀመጠው ቀለሙ ቅናቱ ባሰበት። እሱ ሰው የሚስቅበት መኪና እንኳ የለውም።