ኮምቦ በጭንቅላቱ የያዛቸው በሮች

ኮምቦ ቀኝ እግሩን በጄሶ አስሮ ከመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የድንጋይ መደብ ላይ ተጎልቷል። ከእግሩ ይልቅ ንዴቱ ነው ያመመው። ሃያ ሁለት ዓመት በሞምባሳ አሮጌ ከተማ መድኃኒት ሲያደርስ ኖሮ፣ ዛሬ ሞተሩን ገና በቅርብ የተቀጠረችው ዙሁራ አስነስታ ስትሄድ ቁጭ ብሎ ማየት! እንዴት አይናደድ?

አሮጌው ከተማ የቤት ቁጥር የሚባል ነገር አያውቅም። ደንበኛው በስልክ "የተቀረጸ በር ያለው ቤት" ይልሃል፤ እዚያ ሰፈር ያልተቀረጸ በር የት አለና! የትኛው ቤት የማን እንደሆነ ጠንቅቆ የሚያውቀው ኮምቦ ብቻ ነው። አለቃው አትማን "እባክህ ጻፍልን" እያለ ስንቴ ለመነው፤ ቅጽ ሁሉ አሳትሞ ሰጠው። ኮምቦ ግን በቅጹ የቁርሱን ማሃምሪ፣ ያን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ፣ ጠቅልሎ በላበት። "የማውቀውን ሁሉ ከዘረገፍኩላቸውማ ነገ ማን ይፈልገኛል?" ነው ሐሳቡ። ዙሁራንም ቤቶቹን አሳየኝ ልትለው ስትመጣ "መጀመሪያ ሞተር ማቆም ተማሪ!" ብሎ አባሯታል።

ዛሬ ግን ጉድ ፈላ። ሥራውን የሚሰጣቸው መድኃኒት ቤት "የስኳር በሽታ መድኃኒቱ አንድ ጊዜ እንኳ የታሸገበት በረዶ ቀልጦ ከደረሰ ሥራውን ለሌላ እንሰጣለን" ብሏል። ያ ሥራ ከሄደ ድርጅቱ ይዘጋል፤ ስድስቱም አድራሾች፣ ኮምቦ ጭምር፣ ሥራ ፈት መሆናቸው ነው።

ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። ዙሁራ ናት።

"ባባ ኮምቦ፣ የቢቢ ሩቂያን ቤት አጣሁት! በረዶው ግማሹ ውሃ ሆኗል!"

አትማን አጠገቡ ቆሞ ያዳምጣል። ቢቢ ሩቂያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለኮምቦ በሩን በከፈተችለት ቁጥር "ልጄ መጣህ?" የምትል አሮጊት ናት። የእሷ መድኃኒት ሲሞቅ ታየው፤ አንጀቱ አልቻለም።

"የት ነሽ አሁን?"

"ልብስ ሰፊው ደጅ።"

"ጎሽ። ቀጥ ብለሽ በመስጊዱ በኩል ዙሪ።"

"ተቆፍሯል እኮ ባባ! እግረኛም አያሳልፍም።"

ሌላ መንገድ ኮምቦም አያውቅም። "በቃ፣ አለቀልን" አለ።

"ቆይ እንጂ! ቤቷ ከልብስ ሰፊው ጀርባ ነው ማለት ነው?"

"ነው። ግን መሃል ያለው የሴቶች ጓሮ ነው፤ ወንድ አይገባበትም።"

"እኔ ወንድ ነኝ እንዴ?"

በስልኩ ውስጥ "ሆዲ! ሆዲ!" እያለች ደጅ ስትጠራ ለኮምቦ ይሰማዋል፤ ሴቶች ይስቃሉ፣ ድስት ይንኳኳል፣ አንዷ "በዚህ እለፊ እህቴ" ትላለች። ብዙም ሳይቆይ የሚያውቀው ድምፅ መጣ።

"ኮምቦ ልጄ! ይቺን የመሰለች ልጅ እስከ ዛሬ የት ደብቀሃት ነው? መድኃኒቱ እጄን አቀዘቀዘው!"

አትማን ዘሎ አቀፈው። ኮምቦ እየሳቀ ጭኑን መታ። "በጓሮ! ሃያ ሁለት ዓመት ስዞር ኖሬ፣ ለካ በጓሮ!"

ዙሁራ የቀሩትን አሥር ቤቶች በዚያው ዘዴ ጨርሳ ከቀትር አዛን በፊት ተመለሰች። ኮምቦ መደቡ ላይ ጠጋ አለላት።

"ቁጭ በይ። እኔ በሮቹን እነግርሻለሁ፣ አንቺ ጓሮዎቹን ትነግሪኛለሽ። ያን ቀን ስለሰደብኩሽም ይቅር በይኝ።"

"ሞተር ማቆምስ?"

"በእሱማ ገና ነሽ!"

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት አድራሾቹ ሁሉ መደቡ ላይ ይሰበሰቡ ጀመር። አንዱ ባወቀው ሲጎርር ሌላው ያርመዋል፤ አትማን ይጽፋል። ሁለት ሴቶች ተቀጠሩ፤ የአንድ ሰዓቱ መንገድ ግማሽ ሰዓት ሆነ። መድኃኒት ቤቱም ሥራውን ሊወስድ ቀርቶ የማጄንጎን ሰፈር ጨመረላቸው።

ጄሶው በተፈታ ዕለት አትማን የሞተሩን ቁልፍ አመጣለት። ኮምቦ ቁልፉን ተቀብሎ ብድግ ሊል ሲል ስልኩ ጮኸ፤ መንገድ ላይ ካሉት አድራሾች አንዱ ነው፤ "ባባ ኮምቦ፣ የትኛው በር ነው?" ያንን ሳይጨርስ ሌላ ደወለ፣ ከዚያም ሦስተኛ።

"አትማን፣ ቁልፉን ለሌላ ስጥልኝ" አለ ተመልሶ እየተቀመጠ። "እግሬስ ድኗል፤ እነዚህ ግን መች ይለቁኛል!"