የሜዳሊያዋ ጥቁረት

ጡረታ የወጣው ሰዓት ሠሪ ሰው የሚያምን ዓይነት አልነበረም። ምን ያድርግ! የዛሬ መቶ ዓመት በዓለም ኤግዚቢሽኖች ላይ የተሸጡ ማንኪያዎችን፣ የመግቢያ ትኬቶችንና ሜዳሊያዎችን ዕድሜ ልኩን ሲሰበስብ፣ አስመስለው የሠሩት ዕቃ ስንቴ አቃጥሎታል። የእያንዳንዷን ሜዳሊያ ክብደት በደብተር የሚይዘውም ለዚሁ ነው።

የመስታወት ሣጥኑ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ የምታውቀው ታናሽ እህቱ ብቻ ናት። ባሏ ሲሞት እሱ ዘንድ መጥታ መኖር ከጀመረች ዓመት ሆናት፤ ከእሷ ሌላ ዘመድ የለውም።

ማክሰኞ ጠዋት ሣጥኑን ሲከፍት ክው አለ። ከሁሉ የሚሳሳላት የነሐስ ሜዳሊያ፣ ያቺ በዕድሜ ብዛት እንደ ከሰል የጠቆረችው፣ ትናንት የተሠራች ይመስል ታብረቀርቃለች። ቀይረውበታል!

ከዚያማ ሐሳቡን ማን ይያዘው። ባለፈው ሳምንት የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ሜዳሊያዋን ካልሸጥክልኝ ብሎ ሲለማመጥ ሻይ የቀዳችለት ማን ነበረች? እህቱ። በር ድረስ ሸኝታው ምን ሲንሾካሾኩ ነበር? ትናንትስ ድንገት ሲገባ ደንግጣ መሐረብ ቦርሳዋ ውስጥ የወሸቀችው ለምንድን ነው? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አለ በሆዱ።

ሚዛኑ ከነደብተሩ እፊቱ ነበር። የተጠራጠረ ሰው ግን መች ልብ አለው፤ ዘሎ ቦርሳዋን ከፈተ። ማበጠሪያ፣ የባሏ ፎቶ፣ መሐረብ። መሐረቡን ሲዘረጋው ጥቀርሻ የመሰለ እድፍ ነው፤ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

ቀና ሲል እህቱ በሩ ላይ ቆማለች።

«ለልደትህ ምን ልግዛልህ ብዬ ነጋዴውን ብጠይቀው ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም» አለች ቀስ ብላ። «ቢቸግረኝ በሎሚና በጨው አሸሁልህ፣ ወንድም ጋሼ።»

ሜዳሊያዋን ሚዛን ላይ አስቀመጣት። ደብተሩ ላይ ከጻፈው ቅንጣት አልጎደለችም። ጥቁረቷ ከለቀቀ እንግዲህ ሰብሳቢ ዞር ብሎ እንደማያያት ያውቃል፤ ግን በየትኛው አፉ ይቆጣል? አፍሮ ይቅር በይኝ አላት። ይቅር ብያለሁ አለች፤ ምሳውንም እንደ ወትሮው አቀረበች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ገበያ ለመሄድ በተነሳች ቁጥር በሩ ጋ ቆም ትልና ቦርሳዋን ትከፍትለታለች። ተይ እባክሽ፣ ስለ እናታችን ይላታል።

«ግዴለም ወንድም ጋሼ፣ እየው» ትለዋለች።