የልጄ ልክ

ሃምሳ አራት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ትልቅ ከተማ አላየሁም። የልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሥራዬ ቁጭ ያደርጋል እንጂ አያዞርም። ጨርቁም፣ ክሩም፣ ቁልፉም በጭነት መኪና ተጭኖ እኔው ዘንድ ይመጣል። በትንሿ ከተማችን ከእኔ መቀስ ያመለጠ ሰው የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሁሉም ልክ በደብተሬ ተጽፎ አለ። የማን ወገብ እንደሰፋ፣ የማን ትከሻ እንደሚያጋድል ከሚስቱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። በዚህም ትንሽ ኩራት ቢጤ ነበረኝ፤ አልደብቅም።

ከወንበሬ ያስነሳኝ የልጄ ጉዳይ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሥራ ፍለጋ ወደ ትልቁ ከተማ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በስልክ ሁሌም ደህና ናት። ሥራው ደህና፣ ቤቱ ደህና፣ ምግቡ ደህና፣ "እንዲያውም ወፍሬያለሁ" ትላለች። እናቷ ግን አንድም ቀን አምናት አታውቅም። ታዲያ አንድ ጠዋት ደወለችና ከሁለት ሳምንት በኋላ ረቡዕ አንድ መሥሪያ ቤት ለእንግዳ ተቀባይነት ቃለ መጠይቅ እንዳለባት፣ ለዚያ ቀን የሚሆን ኮትና ጉርድ እንደሚያስፈልጋት ነገረችን። ስልኩ እንደተዘጋ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች።

"ሰፍተህ ራስህ ታደርስላታለህ" አለችኝ። "በሰው መላክ ብሎ ነገር የለም። ዓይኔ ሰው ይለካል ስትል አይደል የምትውለው? በደንብ አድርገህ እያት። ደህና ካልሆነች እጇን ይዘህ ትመጣለህ። ሥራ ምናምን የሚባል ነገር አልሰማም።"

እሺ አልኩ። ከእሷ ጋር እሺ የማልለው ነገር የለም።

ልኳን በስልክ ተቀበልኩ። አብራት የምትኖረው ልጅ ናት በሜትር የለካቻት። ደረት ሰማንያ፣ ወገብ ስልሳ አራት፣ ዳሌ ሰማንያ ስድስት። ጽፌ ስጨርስ ሳቄ መጣ። ደብተሬ ላይ ያለው የልጄ ወገብ ሰባ ሁለት ነው። ወፍሬያለሁ የሚል ሰው ወገቡ በስምንት ሳንቲ ሜትር ሲጠብ አይቼ አላውቅም።

"ያቺ ጓደኛሽ ሜትሩን በየት በኩል ነው የያዘችው?" አልኳት።

"አንተ እንደምታውቀው አድርገው፣ አባዬ" አለችኝ።

እንደማውቀው አደረግኩት። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ መረጥኩ፤ ገበሩን የሚያንሸራትት ለስላሳ አደረግኩለት፤ ደብተሬን ገልጬ ሰባ ሁለት ላይ ቆረጥኩ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ስለ ትልቅ ከተማ የሚያወራ ሰው ሁሉ ከሕንፃው ይጀምራል፤ እኔ ከትከሻ ልጀምር። እዚያ ሰው ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ገዝቶ ነው የሚለብሰው። የትከሻው ስፌት ክንዱ ላይ ወርዷል፣ እጅጌው መዳፉን በልቶታል፣ የሱሪው ጫፍ በተረከዝ እየተረገጠ አፈር ይጠርጋል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ቤቱ መስታወት የለውም ወይ እያልኩ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወጣሁ።

ከፊቴ አንድ ጎልማሳ አዲስ ግራጫ ኮት ለብሶ ይሄዳል። ከኮቱ ኋላ ያለው ስንጥቅ ሱቅ ውስጥ እንዳይከፈት በነጭ ክር በመስቀለኛ ተይዞ ነበር፤ ክሩ እስካሁን አልተፈታም። እኛ ጋ እንዲህ ያለውን ሰው አስቁሜ፣ ክሩን በጥሼ፣ ጀርባውን መታ አድርጌ ነው የምሸኘው። እጄን ወደ ኮቱ ስሰድ ሰውዬው ዞር አለና ኪሱን ጨመደደ።

"ምን ፈልገህ ነው?"

"ክር" አልኩት።

መልሱ አላረካውም። ሁለት ሦስት ሰው ቆመ። ልብስ ሰፊ መሆኔን ላስረዳ ብዬ ከቦርሳዬ መቀሴን ሳወጣ ነገሩ ባሰ። ደግነቱ ልጄ ከሥራዋ አስፈቅዳ ልትቀበለኝ መጥታ ኖሮ በሰው መሃል ተሹለክልካ ደረሰች።

"ይቅርታ፣ አባቴ ነው። ገና ዛሬ መምጣቱ ነው" አለቻቸው።

ገና ዛሬ መምጣቴ የበሽታ ስም ይመስል ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ተበተነ። በከተማ የመጀመሪያው ትምህርቴ ይህ ሆነ፤ የሰው ልብስ አይነካም፤ የልብሱ ስንጥቅ ተሰፍቶም ቢሆን ባለቤቱ ከነስፌቱ ይሂድ። እሱን ስማር ግን ዋናውን ነገር ዘነጋሁ። ልጄ በዚያ ሙቀት እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ሰፊ ሹራብ ለብሳ ነበር። አቅፌ ሳምኳት፤ ለምን ሹራብ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ዓይኔ ሰው ይለካል የምል ሰውዬ፣ በዚያች ሰዓት ከእፍረቴ ሌላ ያየሁት ነገር አልነበረም።

መንገድ ስንሻገር እጄን ያዘችኝ። ድሮ እኔ ነበርኩ የምይዛት። አንድ ትልቅ የልብስ ሱቅ ጋ ስንደርስ በመስታወቱ ውስጥ የቆመችው አሻንጉሊት የለበሰችው ኮት ወገቡ ላይ እንዴት እንዳማረ አይቼ ቀናሁ። ወደ ጎን ዞር ብዬ ባይ ጀርባዋ ላይ ኮቱ ተሰብስቦ በሰባት መርፌ ቁልፍ ተይዟል። ልጄን "ነይ እዪ፣ ማጭበርበር ነው" አልኳት። "ሁሉም ሱቅ እንደዚያ ነው" ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ክፍሏ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩን አላመንኩትምና በደረጃ ወጣሁ፤ ሦስተኛው ላይ ቆሜ የመጣሁበትን ቀን ረገምኩ። ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነው። ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተፋጠጠ መስኮት። አብራት የምትኖረው ልጅ አልጋዋን ለእኔ ለቅቃ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች። ለእናቷ የምነግረው ጉድለት ስፈልግ ትራሱ ሳይቀር በወግ ተነጥፎ አገኘሁት። ልቤ ረጋ አለ።

"በይ ልበሺውና ልይልሽ" አልኳት።

ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ቆየች። ብቅ ስትል ጉርዱን በአንድ እጇ ጨብጣ ይዛለች።

"ልቀቂው እንጂ።"

ለቀቀችው። ጉርዱ ወገቧ ላይ አልቆመም፤ ወርዶ ዳሌዋ ላይ ተንጠለጠለ፣ የጎኑ ዚፕ ዞሮ እምብርቷ ላይ መጣ። ኮቱ ውስጥ ሌላ ሰው ይገባ ነበር። ሹራቧን ያወለቀችው ለልብሱ ብላ ነውና አንገቷ ሥር ያሉት አጥንቶች ወጥተው አየኋቸው። ሜትሩን ከአንገቴ አውርጄ ወገቧን ለካሁ። ስልሳ አራት። እጄ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደግሜ ለካሁ። ስልሳ አራት።

"ነግሬህ ነበር እኮ፣ አባዬ" አለች ቀስ ብላ።

"አንቺ የነገርሽኝ ወፍሬያለሁ ብለሽ ነው።"

"እሱ ለእማዬ ነው። እንዳትጨነቅ ብዬ። ላንተ ልኬን ነገርኩህ። ይገባሃል ብዬ ነበር።"

መቀመጫ ፈልጌ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ቁጥር ሳነብ ኖሬ፣ የገዛ ልጄ በቁጥር ስትጠራኝ ሳቅኩባት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። እፍረቴን በቁጣ ሸፈንኩት።

"ነገ ዕቃሽን ሰብስቢ። እንሄዳለን።"

አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። አጠገቤ ተቀመጠችና ውሎዋን ነገረችኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ላውንደሪ ቤት ካውያ ላይ ትቆማለች። ከዚያ በቀጥታ የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር፤ ባለፈው ወር ነው የጨረሰችው። ምሳ ሰዓቷን የምታሳልፈው ደብተሯን እያጠናች ነበር፤ አብዛኛውን ቀን ዳቦ በሻይ ነው።

"ሥራ ብቀር አለቃዬ ትቆጣለች፤ ትምህርት ብቀር አስተማሪው ይቆጣል" አለችኝ። "ምግብ ስቀር የሚቆጣኝ ሰው አልነበረም። ረቡዕን ብቻ ልለፈው። ካልተሳካልኝ ሳትናገር ተነስቼ እከተልሃለሁ።"

ሜትሩን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ማክሰኞ ጠዋት አብሬያት ወደ ሥራዋ ሄድኩ። ለአለቃዋ "ልጄን ልወስድ ነው" ልላት ነበር ሐሳቤ። በሩ ላይ ቆሜ ሳይ ልጄ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ኮሌታውን ከሁለቱ ጫፍ ጀምራ ወደ መሃል፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ እጅጌውን። ልጅ ሳለች ከእግሬ ሥር ቁጭ ብላ ያየችው የእኔ አካሄድ ነው። እንፋሎቱ ፊቷን ይመታታል፣ እሷ ግን አንድ የተጨማደደ ቦታ አትተውም። አንዲት ቁልፍ ላልታ አገኘችና ከኪሷ መርፌ አውጥታ አጠበቀቻት። ማንም አላዘዛትም። ለአለቃዋ ደህና ዋይ ብቻ ብዬ ወጣሁ።

አሁን የምፈልገው የስፌት መኪና ነው። ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ "እናጠብባለን፣ እናሳጥራለን፣ ዚፕ እንቀይራለን" የሚል ሰሌዳ አየሁ። ውስጡ አንድ መነጽራም ሽማግሌ መኪናው ላይ አቀርቅሯል። ከእኔ አሥር ዓመት ይበልጣል።

"ጋሼ፣ ልብስ አይሰፉም?" አልኩት።

"ጨርቅ ከቆረጥኩ ሃያ ዓመቴ" አለ ቀና ሳይል። "እዚህ ሰው ልብስ አያሰፋም። ገዝቶ ያስጠብባል።"

በሌላ ቀን ቢሆን ንቄው እሄድ ነበር። ያን ቀን ግን ሙያዬን ነግሬ መኪናውን ለመንኩት። ኮቱን ተቀብሎ ገለበጠና ውስጡን አየ። ስፌቴን በጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ፤ ቦታውንም ለቀቀልኝ።

"የማን ነው?"

"የልጄ።"

"ከመጣች ስንት ጊዜዋ ነው?"

"ሁለት ዓመት።"

"እንግዲህ ከቤታቸው ያመጡትን ልብስ መጀመሪያ አጠብብላቸዋለሁ" አለ። "ሲቆዩ ደግሞ መልሰህ አስፋው ብለው ያመጡታል።"

"ሁሉም?"

"የማይመጡም አሉ።"

"የት ሄደው?"

"እኔ በምን አውቄ፣ ወንድሜ? አዲስ ይገዙ ይሆናል። ወደ ቤታቸው ይመለሱ ይሆናል።"

ገበሩን ተርትሬ ጎንና ጎኑን ያዝኩ፤ በሳሙና አሰመርኩ፤ ሰፋሁ። ጉርዱንም እንደዚያው። ስጨርስ ሽማግሌው መቀሱን አንስቶ ትርፉን ጨርቅ ሊቆርጥ ጎንበስ አለ። ልክ ነበር። እንዲያ ያለ ትርፍ ካልተቆረጠ ከውጭ ያብጣል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ስቆርጥ የኖርኩት እኔ ራሴ ነኝ።

"ይተውት" አልኩት።

"ያስጠላብሃል።"

"ይተውት፣ ጋሼ። አንድ ቀን መልሶ ይሰፋል።"

ይህን ከአፌ ሳወጣ ነው የወሰንኩት። ይዣት ለምሄድ ልጅ ኮት እያጠበብኩ እንዳልነበር ያኔ ገባኝ። ከወሰድኳት በሁለት ወር እናቷ ታወፍራታለች፤ እሷ ግን ረቡዕን እያሰበች እርጅና ላይ ትደርሳለች። ብተዋት ደግሞ ስልሳ አራቷ ስልሳ እንዳይሆን እፈራለሁ። ፈራሁም፣ ተውኳትም።

ማታውን ላውንደሪ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ልጄ ትርፉን ጨርቅ በእርጥብ ፎጣ ሸፍና ተኮሰችው። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያስተኛች፣ ጫን እያለች። ገበሩን መልሼ ስሰፋው ከውጭ ምንም አይታይም። "ካውያ ላይ ትበልጪኛለሽ" አልኳት። ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ ሳቀች።

ረቡዕ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቆምኩ። ስትወጣ ትከሻዋ ገና ከሩቅ ነገረኝ። ለሦስት ወር ሙከራ፣ ከሰኞ ጀምሮ። ወደ አንድ ምግብ ቤት ወስጄ አስቀመጥኳት፤ ሳህኑን እስክትጨርስ ድረስ አፍጥጬ አየኋት።

"ከዛሬ ጀምሮ ምግብ ስትቀሪ የሚቆጣሽ ሰው አለ" አልኳት። "በየወሩ መጀመሪያ ወገብሽን ለክተሽ ትደውያለሽ። አሁን ግን የምትነግሪኝን ቁጥር እጽፋለሁ።"

"እሺ፣ አባዬ" አለች፤ አፏ ሞልቶ ነበር።

ለባለቤቴ የደወልኩት ከመናኸሪያው ነው።

"አየሃት?" አለችኝ።

"አየኋት።"

"እንዴት ናት?"

"ከስታለች። በጣም ከስታለች።"

"ይዘሃት እየመጣህ ነው?"

"ብቻዬን ነኝ። ሥራውን አገኘች።"

"ስለ ሥራው ማን ጠየቀህ?"

የማውቀው አንድ ቋንቋ ብቻ ስለሆነ በእሱ ነገርኳት። ልብሱን በስምንት ሳንቲ ሜትር እንዳጠበብኩት፣ ጨርቁን ግን እንዳልቆረጥኩት፣ ውስጡ ተኝቶ እንዳለ። የልብስ ሰፊ ሚስት ናትና ስምንት ሳንቲ ሜትር ከሰው ገላ ላይ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ጠራኋት።

"አለሁ" አለች በመጨረሻ። "ቲኬት ከሚሸጡት ሰዎች አጠገብ ነህ?"

"አዎ።"

"ከዚህ ወደዚያ የሚነሳው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቅልኝ።"

"አንቺ ደግሞ መጥተሽ ምን ልታደርጊ?"

"ላበላት" አለችና ዘጋችው።