ወንድሙ የቆመለት ሙሽራ

የባሌ የመኖሪያ ወረቀት ቃለ መጠይቅ ላይ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ከኢንተርኔት ያወጣውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው መጀመሪያ የለቅሶ ፎቶ መስሎኝ ነበር። የባሌ የኳቤና ታላቅ ወንድም አጄይ የባሌን ምስል በትልቅ ፍሬም ደረቱ ላይ ታቅፎ ቆሟል። ሰው እንዲህ ፎቶ የሚታቀፈው ለሟች ነው። "ባሌ እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ማን ገደለው?" ብዬ ልስቅ ስል፣ ከአጄይ ጎን ወርቅ በወርቅ የሆነች ልጅ አየሁ። ከኋላ ደግሞ አማቴ እማማ ኮናዱ ነጭ መሐረብ እያውለበለቡ ይጨፍራሉ።

"ይህቺ ማን ናት?" አለ ሰውዬው።

የኳቤና ፊት አመድ መሰለ። "ያው... የቤተሰብ ነገር ነው" አለ።

የቤተሰብ ነገር! እኔ ብሮንክስ ተወልጄ ባድግም ወላጆቼ እንደ ኳቤና ቤተሰብ የጋና፣ የኩማሲ ሰዎች ናቸው፤ ይሄ ፎቶ ምን እንደሆነ አይጠፋኝም። የሴቷ አባት የጋብቻውን መጠጥ ከተቀበለ አለቀ፣ ሚስት ናት። ሙሽራው ባሕር ማዶ ከሆነ ወንድሙ ፎቶውን ታቅፎ ይቆምለታል። ሰውዬውም ይሄን አሳምሮ ያውቃል፤ ከእኛ ሰው ስንቱን ጠይቋል! ከፎቶው ሥር ያለውን ቀን በጣቱ መታ መታ አደረገው። እኔና ኳቤና ማዘጋጃ ቤት ከመፈራረማችን በፊት ነው።

ኳቤና በጎብኚ ቪዛ ገብቶ፣ ቪዛው ካለቀ በኋላ ዓመታት ተሸሽጎ የኖረ ሰው ነው። ወረቀት የሚያወጣበት አንድ መንገድ ቢኖረው እኔ ነኝ፣ ዜጋዋ ሚስቱ። ቀድሞ ሌላ ሚስት ካለችው ግን የእኛ ጋብቻ ጋብቻ አይደለም፤ ወረቀት የለም፣ እሱም ይባረራል።

መኪናችን ውስጥ እስክንገባ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። ከዚያ ለቀቅኩበት።

"አንተ! አግብተህ ነው አራት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር የምትተኛው?"

"ቦአቴማ፣ በሞቴ ስሚኝ። እናቴ ናት ያደረገችው። ልጅቷን በዓይኔ አይቻት አላውቅም።"

"ደውለው ሲጠይቁህ እሺ አላልክም?"

የመኪናውን ቁልፍ ያገላብጥ ጀመር።

"ጠየቅኩህ እኮ!"

"ብያለሁ። እናቴ ታማለች፣ ብቻዋን ናት። እምቢ ብላት ምን ትሆናለች ብዬ ነው። ያኔ አንቺን አላውቅሽም!"

"ስታውቀኝስ? ስታገባኝስ?"

"ረሳሁት።"

ረሳሁት! ሰው ጃንጥላ ይረሳል፣ ቁልፍ ይረሳል። ሚስት ይረሳል እንዴ? የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ፣ ጩኸት ሥራዬ ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ጮኼ አላውቅም።

ጠበቃችን ወይዘሮ ኤስፒኖዛ ግን መላ አላት። "የመጀመሪያው ጋብቻ በባህላችሁ ይፍረስና ማስረጃው ይምጣልኝ። ከዚያ እንደገና ትጋባላችሁ፣ አዲስ ማመልከቻ እናስገባለን" አለች። በእኛ ደንብ ደግሞ የሴቷ ቤተሰብ መጠጡን ከመለሰ ጋብቻው ፈረሰ ማለት ነው። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ደሜ እየፈላም እወደው ነበር፣ ምን ላድርግ!

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ኮናዱን ልለምን ኩማሲ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ወጣት ሴት ናት።

"እማማ ተኝተዋል። ማን ልበል?"

"ቦአቴማ ነኝ፣ የኳቤና ሚስት።"

"እኔ ደግሞ ፖኩዋ ነኝ" አለችኝ። "የኳቤና ሚስት።"

ለአማቴ ያዘጋጀሁትን ልመና ትቼ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"እዚያ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት።

"ምን እሠራለሁ? የእማማ እግር በስኳር ቆስሏል። አጥባለሁ፣ ቁስሉን በፋሻ አስራለሁ፣ አንስቼ አስቀምጣቸዋለሁ። የልብስ ስፌት ሱቄን ዘግቼ የመጣሁት 'ወረቀቱ ሲወጣ ይወስድሻል' ተብዬ ነው። ይኸው ስድስት ዓመቴ። እህቴ፣ አንቺ ሰውዬው ደረሰሽ፣ እኔ እናቱ ደረሱኝ።"

"እኔ መኖሬን ታውቂ ነበር?"

"አዎ። 'ለወረቀት ነው፣ የእውነት አይደለም' ብሎኛል።"

"ማን? አጄይ?"

"ኧረ ራሱ! እሑድ እሑድ ይደውልልኛል።"

እሑድ! መኪና ላሳጥብ ብሎኝ ግማሽ ቀን የሚጠፋው እሑድ። እንግዲህ በዓይኑ አያውቃትም፣ በጆሮው ግን ጥርት አድርጎ ያውቃታል። እርር ድብን አልኩ። ያረርኩት ግን በእሷ አይደለም።

"መጠጡን እንድትመልሱ ፈልጌ ነበር የደወልኩት" አልኳት።

"ይመለሳል። እኔም ሰልችቶኛል። ግን በገዛ አፉ 'አልፈልግሽም' ይበለኝ። በወንድሙ አገባኝ፣ በወንድሙ አይፈታኝም።"

እውነቷን ነው። ኳቤናን ከአልጋው አስነስቼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

"ፖኩዋ ናት። ንገራት።"

እኔን አየ፣ ስልኩን አየ።

"ፖኩዋ..."

"አቤት።"

"ትንሽ ታገሺኝ እስቲ። መጀመሪያ ወረቀቱ ይውጣ፣ ከዚያ ሁሉንም አስተካክላለሁ።" ስልኩን በመዳፉ ሸፈን አደረገና ወደ እኔ ዞረ። "አንቺም አትቸኩዪ የእኔ ቆንጆ። መጀመሪያ ወረቀቱ ይውጣ።"

መዳፉ ምንም አልሸፈነም።

"ሰማሽ እህቴ?" አለች ፖኩዋ።

"ሰማሁ" አልኳት።

ሳምንት ሳይሞላ የፖኩዋ አባት መጠጡን መለሱ። ማስረጃውም ከነማኅተሙ ለጠበቃችን ደረሰ። ኳቤና ከረባት ገዝቶ እየዘፈነ ገባ። "አለቀልን! ዓርብ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረማለን።"

"አላገባህም" አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየ።

"ቦአቴማ፣ ያባርሩኛል እኮ!"

"ያባርሩህ።"

"አራት ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ እንዴት ትጨክኛለሽ?"

"ስድስት ዓመት የጠበቀችህን ሴት ዛሬም ታገሺኝ ያልክ ሰው ስለ ጭካኔ ታወራኛለህ? ውጣልኝ!" ልብሱን ጠቅልዬ ደረጃው ላይ ወረወርኩለት። በሩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስለምወደው ነው ያለቀስኩት፤ መውደዴም ያናድደኛል።

ለኳቤና ከኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የመባረር መጥሪያ በደረሰው ሰሞን አማቴ ደወሉልኝ። ሰላምታ እንኳ የለም።

"አንቺ ቤት አፍራሽ! ፖኩዋን ምን ብለሽ ነው የመከርሻት? ሻንጣዋን ይዛ ሄደች! አሁን እኔን ማን ያነሳኛል? ይሄን እግሬን ማን ያጥብልኛል?"

"አይዞዎት እማማ" አልኳቸው። "ልጅዎ እየመጣ ነው።"