ከስፕሊት የተንጠባጠበ ውሃ

ባለቤቴ ሙሄ ውሃ በከንቱ ሲፈስ ማየት አይችልም ነበር። ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰማ ተኝቶም ቢሆን ተነስቶ ይዘጋል። ያደገው ራያ ቆላ ነው፤ ውሃ በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት፣ እጅ የታጠቡበት እንኳ ለበግ በሚሰጥበት ቀበሌ። ይህ ጠባዩ አንድ ጊዜ ከሪያድ ሊያስባርረው ነበር። ከሞተ ወዲህ ለቅሶ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሕመሙ ነው፤ እኔም የማወራው ስለ ሕመሙ ነው። ዛሬ ግን ስለዚያች ጥቁር መኪና ልጽፍ።

ጊዜው ያ ሁሉ ሐበሻ ተጠርዞ በተመለሰ በዓመቱ ነው፤ ሙቀቱ በበረታበት ወቅት። ሪያድ፣ ነሲም የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት እንሠራ ነበር፤ እኔ ውስጥ፣ እሱ ሹፌር። የእሱ ክፍል ከውጭው በር አጠገብ ስለነበረች የምንነጋገረው በወጥ ቤቱ መስኮት ነው። የመስኮቱ ፊት ለፊት ሆሹ ነው፣ መኪና የሚታጠብበት ግቢ። «እህቴ» ይለኛል፤ ሁሉም የአገር ልጅ እንደሚለኝ። በዚያው ሰሞን ግን በመስኮቱ አጎንብሶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ብልክ ያሳፍሩኝ ይሆን?» ብሎኝ ነበር። እኔም ሽንኩርቱን እየከተፍኩ፣ «ሳይልኩ ማን ያውቃል» አልኩት። ይኸው ነበር የተባባልነው።

ከፊላችን፣ ማለት አሠሪያችን፣ ባባ ሱልጣን ለልጃቸው ለናዲራ ሰርግ ብለው አዲስ ጥቁር ጂምስ መኪና ገዙ። ሙሄ በየማለዳው ያጥባታል። ጣሪያው ላይ ደግሞ ሰሐራዊ የሚባለው ማቀዝቀዣ አለ፤ በጭድ ላይ ውሃ እያንቆረቆረ ነፋሱን የሚያበርድ ትልቅ ሳጥን። ከእሱ የሚተርፈው ውሃ በቱቦ ወርዶ መሬት ላይ ይፈስ ነበር። ሙሄ ይህን አይቶ ዝም ሊል ነው? በርሜል አስቀመጠለት።

«እይልኝ እስቲ እህቴ፣ ጥርት ያለ ቀዝቃዛ ውሃ! ይህን መሬት ላይ የሚደፋ ሰው ቂያማ ቀን ምን ብሎ ይመልሳል?»

በዚያ ውሃ መኪናዋን አጠባት። አጥቦም ፀሐይ ያድርቃት ብሎ ትቷት፣ በሌላኛው መኪና መዳሟን፣ የባባ ሱልጣንን ሚስት፣ ሺፋ ሰፈር ወዳለው እህታቸው ቤት ይወስዳል። ሲመለስ መኪናዋ ላይ የዶሮ ዓይን የመሰሉ ነጫጭ ክቦች ያያል። አቧራ መስሎት እንደገና ያጥባታል፤ በዚያው ውሃ። ባጠባት ቁጥር ክቦቹ ይበዛሉ። እሱም በተራው አጥብቆ ያጥባታል።

ሰርጉ በቀረበበት ሳምንት ባባ ሱልጣን መኪናዋን ሊያዩ ወጡ። ጩኸታቸው ወጥ ቤት ድረስ ተሰማኝ።

«ያ ሙሐመድ! ይህ ምንድን ነው? መኪናዬን ፈንጣጣ አስያዝካት!»

«ባባ፣ ይለቃል፣ ኢንሻአላህ።»

«ሐሙስ ሰርግ ነው። እስከዚያ ካልጠራች፣ ኸላስ፣ ኹሩጅ!»

ኹሩጅ ማለት ላይመለሱ የመውጫ ወረቀት ነው። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ያሉትን ግን ያደርጋሉ። ሙሄ ወደ መስኮቱ መጣ። ፊቱ ከሰል መስሏል።

«ለመሄዱስ ግድ የለኝም» አለኝ። «ግን በመኪና ማጠብ የተባረረ ሰው ሽማግሌ ቢልክ አባትሽ ምን ይሉኛል?»

አባቴን አውቃቸዋለሁ። ያኔ ነው የሁለታችንም ነገር በዚያች መኪና ቆዳ ላይ እንደተንጠለጠለ የገባኝ።

ሙሄ መንሱራ ሰፈር መኪና እጥበት የሚሠራ ባንቴ የሚባል ጎንደሬ ጓደኛ ነበረው። ደወለለትና እኔም እንድሰማ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።

«በምን ውሃ ነው ያጠብካት?» አለ ባንቴ።

«በሰሐራዊው ውሃ።»

ባንቴ ሳቀ፤ ሳቁም አላልቅ አለ። «አንተ ራዬ! ውሃው እየተነነ ጨዉ ብቻ የሚቀርበት እኮ ነው! ጭዱ ላይ የጋገረውን ነጭ ነገር አላየኸውም?»

«አቧራ መስሎኝ ነዋ።»

«አቧራ! መኪናዋን በጨው አሽተህ ፀሐይ ላይ አሰጣሃት። ቋንጣ አደረግሃት በለኝ!»

«ወንድሜ፣ ሳቁን ለሰርጉ አቆየውና መላ በለኝ።»

ባንቴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ነገረው። ጥላ ውስጥ አስገባት፤ ብረቷ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። አቼቶ ከውሃ ጋር እኩል ቀላቅለህ፣ በለስላሳ ጨርቅ ነጠብጣቡ ላይ ጥቂት አሳርፈው፤ ሳይደርቅ እጠበው። መጀመሪያ ሰው በማያየው ቦታ ሞክር። አልለቅ ያለውን በፖሊሽ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ እየከፈልክ፣ ሳትጫን እሸው።

«የመጨረሻው ማለቅለቂያ ግን ጨው የሌለው ውሃ ይሁን» አለው። «በቧንቧው ውሃ ከጨረስክ እዚያው ነህ።»

«ሪያድ ውስጥ ጨው የሌለው ውሃ ከየት ላምጣ?»

«ከስፕሊት የሚንጠባጠበው አለልህ። እሱ ከአየር የተጨመቀ ነው። ያላ፣ ደህና ሁን ቋንጣ!»

የወጥ ቤቱ ስፕሊት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ፣ ቱቦው ወደ ሆሹ ይወጣል። ሙሄ ባልዲ ደቅኖበት አጠገቡ ቁጢጥ አለ፤ ፍየል የሚያልብ ነበር የሚመስለው። የሪያድ አየር ግን ደረቅ ነው፣ ከምኑ ይጨመቃል? አመሻሹ ላይ የባልዲው ቂጥ እንኳ በቅጡ አልራሰም።

በማግሥቱ ሩዝ ስቀቅል መስኮቱ በእንፋሎት ታፈነ፤ ከውጭ ደግሞ ጠብታው ፈጠን ሲል ሰማሁ። ነገሩ ገባኝ። ለሰርጉ የወጡትን ትልልቅ ድስቶች ሁሉ ውሃ ሞልቼ ጣድኩ። ክዳናቸውን አነሳሁ፣ በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁ፣ ስፕሊቱን መጨረሻው ቅዝቃዜ ላይ አደረግሁት። ሻርፔ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ፤ ላቤ ዓይኔን አቃጠለኝ። መዳሟ በሩን ከፍተው ገቡና ወደ ኋላ ሸሹ።

«ያ መኪያ! ወጥ ቤት ነው ወይስ የእንፋሎት ሐማም?»

«የሰርጉን ድስቶች እየቀቀልኩ ነው፣ ማማ። ሽታቸው እንዲለቅ።»

«አላህ ያግዝሽ» ብለው አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ። ወዲያው መስኮቱ ተንኳኳ።

«እህቴ! እህቴ! ዝናብ ጀመረ!»

ረቡዕ መኪናዋን ከሸራው ጥላ ሥር አስገባት። አቼቶውን ከኋላ መከላከያው በታች ሞከረው፤ ለቀቀ። ቀኑን ሙሉ በአሮጌ ካናቴራው ሲያሽ ዋለ። ነጫጩ ክቦች አንድ በአንድ እየጠፉ ጥቁሩ ከሥራቸው ብቅ ይል ጀመር። የአቼቶ ሽታ ግቢውን ሞልቶት ጎረቤት ሰላጣ የሚሠራ ነበር የመሰለው። ማለቅለቂያው ላይ ግን ያ ሁሉ ድስት ፈልቶ የተጠራቀመው ውሃ ግማሽ ባልዲ አይሞላም። ጂምስ ደግሞ የቤት ያህል ናት።

ሙሄ ግን አልደነገጠም። ውሃ ማብቃቃት የሚያውቅበት ሰው ነው። አላፈሰሰውም፤ ጨርቁን ነክሮ፣ ጨምቆ፣ አንድ በር አብሶ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ያደርቃል። ከዚያ ደግሞ ሌላውን። ሊያስባርረው የነበረው ቆጣቢነቱ ያን ቀን አተረፈው። ሲጨርስ ባልዲው ውስጥ ጥቂት ተርፎ ነበር፤ እሱን ደግሞ መርቆ በሩ ላይ ያለችውን የቴምር ዛፍ አጠጣት።

መዳሟ ሲተኙ በእጁ ጠራኝ። «ነይማ እዪ።»

መስታወት በመሰለው የመኪናዋ በር ላይ ሁለታችን ጎን ለጎን ቆመን ታየን። በዚያ አገር አብረን ፎቶ ተነስተን አናውቅም፤ ፊቴንና ፊቱን አንድ ላይ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ይህች ላብ ያጠመቃት ማን ናት?» አለ።

«ውሃህን ስታልብልህ የከረመችው ናት።»

ሐሙስ ባባ ሱልጣን መኪናዋን ዞሯት። ጎንበስ አሉ፣ ጣታቸውን አስኬዱባት። በመጨረሻ ኮፈኗ ላይ መልካቸውን አይተው የራስ መሸፈኛ ሹማጋቸውን አስተካከሉ።

«በሽታው የት ሄደ?»

«ኸላስ ባባ፣ ዳነች።»

«ማሻአላህ» አሉና ቁልፉን እጁ ላይ አኖሩለት። «ሙሽራዋን አንተ ነህ የምትወስዳት።»

ሽማግሌዎቹ በዚያው ወር አባቴ ዘንድ ሄዱ። አባቴ፣ «ልጁ ምኗን አይቶ ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ሽማግሌዎቹ ከሙሄ የተላኩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አደረሱ፤ «ውሃ አፈላችልኝ ነው የሚለው።»

«ለሻይ?»

«አይ፣ ለመኪና።»

አባቴ እስኪያስላቸው ሳቁ ይባላል። ሰጡኝ። ሙሄም ከዚያ ወዲህ እህቴ ብሎኝ አያውቅም።

አገር ገብተን ከሪያድ ባጠራቀመው ገንዘብ ባጃጅ ገዝቶ ኮምቦልቻ ነዳ። ዝናብ ሲመታት ፀሐይ ሳይቀድመው በጨርቅ ያደርቃት ነበር። ደንበኞቹ፣ «ሙሄ፣ ባጃጅህን ነው ወይስ ሙሽራህን?» እያሉ ሲያበሽቁት፣ «ሁለቱም በአንድ ባልዲ ነው የመጡልኝ» ይላቸዋል።

ነገ ባጃጇን ሊያያት ገዢ ይመጣል። ዛሬ ጥላ ውስጥ አስገባኋትና በአቼቶ ጠረግኋት፤ ሳልጫን፣ መዳፍ በምታህል ቦታ እየከፈልኩ። ጨርሼ ቁጭ ስል የግቢው ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሰማሁ። ተነስቼ ዘጋሁት።