አዲስ ዓመት ወይስ አዲስ ጦርነት

"አልተገኘም" አለ ኮምፒውተሩ ላይ የወጣው ቀይ ጽሑፍ፣ አሁንም።

"ልጄ፣ ፊትሽ ቆሜ የለም እንዴ? አልተገኘም ማለት ምን ማለት ነው?" አሏት እማማ ኡንጋቴአ ታኡፎኦኡ፣ ስማቸውን የምትፈልገውን ሉሴአኔን።

ወደ ቫቫኡ ደሴት የሚሄደው መርከብ ጭነቱን ጨርሶ ሰው ማሳፈር ጀምሯል። ነገ እህታቸው ይቀበራሉ፤ ይህ መርከብ ካመለጣቸው አይደርሱም። ቲኬቱን ውጭ አገር፣ ኦክላንድ ያለችው ልጃቸው በስልኳ ቆርጣላቸዋለች። ስሙ ኮምፒውተሩ ላይ ካልወጣ ግን ማንም አይሳፈርም፤ ደንብ ነው።

የቲኬቱን ድረ ገጽ የሠራችው ሉሴአኔ ናት። የቶንጋዋ ኑኩአሎፋ ወደብ የመጣችው ሰው ሲጠቀምበት ለማየት ነበር፤ አሁን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ደግሞ ነገሩ ገርሟታል። ትናንት እዚሁ የሌላ ሰው ስም ስትሞክር ሠርቶ ነበር።

"ያቺ ጭረት ናት" አለ የቢሮው ኃላፊ ቪሊ። ታኡፎኦኡ በሚለው ስም ውስጥ ጉሮሮን ያዝ አድርጎ ለሚለቀው ድምፅ የምትጻፈውን ምልክት ማለቱ ነው።

"ጭረቷማ ይቺውና፣ ተጽፋለች።" ሉሴአኔ ወደ እማማ ዞረች። "እማማ፣ ልጅዎ ስልኳ ምን ዓይነት ነው?"

"የኔው ዓይነት ነው። እሷ አይደለች የገዛችልኝ!"

ሉሴአኔ ስልካቸውን ተቀብላ ድረ ገጹን ከፈተችና ስማቸውን መጻፍ ጀመረች። ጭረቷን ቀጥ አድርጋ ነካቻት፤ ሳጥኑ ውስጥ ስትገባ ግን በራሷ ጎበጠች። አጠፋችና ደገመች። ጎበጠች።

"ወይ ጉድ! ስልኩ ነው የሚያጎብጣት!"

የቢሮው ኮምፒውተር ቀጥ እንዳለች ይተዋታል፤ የትናንቱም ስም የሠራው እዚሁ ተጽፎ እዚሁ ስለተፈለገ ነው። ለሰው ዓይን ያው ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች። ይባስ ብሎ ሁለቱም ትክክለኛዋ ፊደል አይደሉም፤ የፈረንጅ ነጠላ ጥቅስ ናቸው። ቶንጋዊት ሆና ይህን አለማሰቧ አሳፈራት፤ ግን ፈገግታዋን መደበቅ አልቻለችም።

የጎበጠችውን ምልክት በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ስታስገባ ስሙ ወጣ።

"ተመስገን!" አሉ እማማ፣ ሻንጣቸውን እያነሱ።

ቪሊ ግን ከኋላቸው የተሰለፈውን ሰው ዐየ። "በይ አሁን ጭረቷን ከሁሉም ስም አውጪና ተገላገይ። አንድ መስመር ኮድ ነው አላልሽኝም?"

"ነው።"

"እና ምን ትጠብቂያለሽ?"

እማማ ኡንጋቴአ ከበሩ ዞር አሉ። "ስማ አንተ! ታኡፎኦኡ አዲስ ዓመት ማለት ነው። ጭረቷን ብታወጣብኝ ዓመት የሚለው ቃል ጦርነት ይሆናል፤ አዲስ ጦርነት ልሆን ነው። ለቀብር እየሄድኩ ጦርነት ልታደርገኝ ነው?"

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ቪሊም ሳቀ፤ እሳቸውም እንባቸውን እየጠረጉ ወደ መርከቡ ሮጡ።

ሉሴአኔ ኮዱን ከፈተች። ያቺን አንድ መስመር ብትጽፍ አሁኑኑ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቀጥ ያለችውንም የጎበጠችውንም ተቀብሎ በእውነተኛዋ ፊደል የሚመዘግበው ኮድ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ እስከዚያ አንድ ሰው እዚህ ተቀምጦ እያንዳንዱን ስም በየመልኩ መፈለግ አለበት።

ወንበር ስባ ቲኬት መስኮቱ ጋ ተቀመጠች።

"ቀጣይ!" አለች። "ስምዎን እርስዎ ራስዎ እንዴት ነው የሚጽፉት?"